ለማላኪ ያልተቃኘው ዋሽንት

አትራክታ ፊኒና ወንድሟ ማላኪ የሚኖሩት ከታበርከሪ ከተማ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አባታቸው በተወላቸው ቤት ነው። ሁለቱም አላገቡም። እሱ ላሞች ያረባል፤ እሷ ከተማው ውስጥ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ትሠራለች። እኔ ዲምፕና እባላለሁ፤ በዚህ ሰፈር ትዳር ይዤ ከገባሁ ጀምሮ ጎረቤታቸው ነኝ። የማወራችሁን ግማሹን በዓይኔ ዐይቻለሁ፤ ግማሹን ደግሞ እሷው ቤቴ ተቀምጣ ነግራኛለች።

ወንድምና እህቱ አይነጋገሩም ነበር። ተጣልተው ግን አይደለም። ላሟ ወለደች፣ ዳቦ አልቋል፣ ዝናቡ ሊመጣ ነው፤ እንዲህ እንዲህ ያለውን ይባባላሉ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ካፋቸው አይወጣም። አባታቸውም እንደዚያው ነበር ይላሉ። እራት ከተበላ በኋላ ግን እሱ ቫዮሊኑን፣ እሷ አግድም ይዛ የምትነፋውን የእንጨት ፍሉቷን ያነሳሉ፤ ያን ጊዜ ቤቱ ይሞቃል። አንድ የሎንግፎርድ ሰው ሊያገባት ጠይቋት፣ እሺ ካለች በኋላ ሐሳቧን ለውጣ የመለሰችው ጊዜ ማላኪ ለምን ብሎ አልጠየቃትም። የዚያን ዕለት ምሽት ግን የምትወደውን እንጉርጉሮ ሳትጠይቀው ጀመረላት። ደጋግሞ፣ ደጋግሞ ተጫወተላት።

«ያን ነው ያለኝ» አለችኝ። «ከዚያ በላይ ምን ይበለኝ?»

ሐሙስ ሐሙስ ሙዚቀኞቹ የሚሰበሰቡበት መጠጥ ቤት ሲሄዱ ከምድጃው አጠገብ ያለው ወንበር ለእነሱ ይለቀቅላቸዋል። ማላኪ ዜማ ጠፍቶበት አያውቅም። እሷም ፍሉቷን ከታች ካለው ወፍራም ድምፅ ስታነሳው መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ይርገበገባል ይሉ ነበር። ይህ ማጋነን ነው፤ ግን ሰዉ የሚወደው ያንን የታችኛውን ድምፅ እንደነበር እውነት ነው።

በየካቲት አንድ ቀን ጠዋት ሻይ ስትጠጣ ሻዩ ባፏ ጥግ ፈሶ ልብሷ ላይ ወረደ። መስታወት ብታይ የፊቷ ግራ ጎን ወርዷል፤ ዓይኗ አይከደንም። ማላኪ ደንግጦ በላም በረት ጫማው ሐኪም ቤት ይዟት ሄደ። አንጎሏ ውስጥ የፈሰሰ ደም የለም፣ የፊት ነርቭ ነው፣ በጥቂት ሳምንት ይመለሳል አሏት። ለብዙ ሰው ይመለሳል። ለእሷ ግንባሯ ተመለሰ፣ ጉንጯም ትንሽ ተመለሰ። ዓይኗ ግን እንባ እያቆረ ስላስቸገራት መኪና መንዳት ተወች። ከንፈሯ እንደወረደ ቀረ።

ፍሉት ደግሞ ያለ ከንፈር ምንም ነው። ከንፈር ነው አየሩን አጥብቦ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር የሚያገናኘው። አትራክታ ስትነፋ የሚወጣው ባዶ ነፋስ ብቻ ሆነ። ጉንጯን በቁስል ፕላስተር ወደ ጆሮዋ ስባ አጣብቃ ሞከረች። ከንፈሯን በጣቷ ደግፋ ሞከረች፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቀዳዳውን የሚደፍን ጣት ይጎድላታል። አንድ ምሽት ማላኪ በዚያ ፕላስተር ፊቷ ተጣሞ ስትታገል አገኛት። ዐይቷት ወደ ላሞቹ ወጣ። ሲመለስ ቫዮሊኑን ሣጥኑ ውስጥ አስገብቶ ሣጥኑን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀለው።

«እስክትድኚ ነው» አላት።

ግን አልዳነችም። ሐሙስ ቀረ። ሰኔ ላይ ማላኪ ጺሙን መላጨት ተወ። የሚቀርብለትን ድንች ከነልጣጩ ሳህኑ ላይ ይተወዋል፤ ሥጋውን ለውሻው ይሰጣል። እኔ ራሴ ከመስኮቴ ሳይ ጠዋት መኪናው ውስጥ ይገባል፣ ሞተር አያስነሳም፣ መሪውን ይዞ ምሳ ሰዓት ድረስ ይቀመጣል። ከዚያ አንድ ቀን የጭነት መኪና መጥቶ ላሞቹን በሙሉ ጫነ። ለአትራክታ አልነገራትም። ከሥራ ስትመለስ በረቱ ባዶ ነው።

«ለምን ሸጥካቸው?» አለችው።

«ደከመኝ» አላት።

በዚያ ቤት ውስጥ ከዚህ የረዘመ ንግግር ለማድረግ ሁለቱም አያውቁበትም። ቤቴ መጥታ ኮቷን ሳታወልቅ ቁጭ አለች። «እየሞተብኝ ነው ዲምፕና» አለችኝ። «ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እየሞተ ነው፤ እኔ ደግሞ ምን እንደምለው አላውቅም።»

መጀመሪያ ከመሳቢያው ያገኘችው ልጆች ትምህርት ቤት የሚማሩባትን ትንሿን የቆርቆሮ ዋሽንት ነበር። የዚህ ዓይነቱ ዋሽንት ደግነቱ ከንፈር አይፈልግም፤ መንፊያው ራሱ አየሩን ይመራዋል። በደህናው ያፏ በኩል ነክሳ ብትነፋው ወዲያው ጮኸላት። ችግሩም ይኸው ነው፤ ይጮኻል። ማላኪ ከምድጃው አጠገብ ተነሥቶ፣ «እሱን ለልጆቹ ተይላቸው» ብሎ ወጣ። አልተቀየመችውም። ለእሷም ጆሮዋን ወግቷታል። ያጣችው የፍሉቷን ወፍራም ድምፅ ነው እንጂ የወፍ ጫጫታ አልነበረም።

ክንድ የሚያህል፣ ድምፁ ወደ ታች የወረደ ረጅም ዋሽንት እንዳለ ታውቃለች። በሬዲዮም ሰምታዋለች። አንድ በፖስታ አስመጣች፤ እንደ ፍሉቷ ዲ በሚሉት ድምፅ የተቃኘ፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ። አትራክታ እጇ የልጅ እጅ ነው፤ በዚያ ላይ ከስንት ዓመት የድስት ሥራ በኋላ መገጣጠሚያዎቿ አብጠዋል። ቀዳዳዎቹ ሰፊና የተራራቁ ናቸው። በጣቶቿ ጫፍ ልትደርስባቸው አልቻለችም። በጣቶቿ ሆድ፣ እጇን ዘርግታ መያዝ ነበረባት። አንዱ ቀዳዳ ትንሽ ካፈሰሰ የታችኛው ድምፅ ይጠፋል፤ ጠንከር አድርጋ ከነፋች ደግሞ ሳትፈልገው ወደ ላይ ዘልሎ ያፏጫል። ትንሽ ስትጫወት ትንፋሿ ውስጡ ወዝቶ ይዘጋባታል። የሚወጣው ድምፅ ግማሹ አየር ነው።

ማላኪ ከጓዳ ሆኖ ሰማትና፣ «ውሃው ፈልቷል» አላት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ድምፁን ከማንቆርቆሪያ ጋር ማመሳሰሉ ያስቃት ነበር። ያን ቀን ዋሽንቱን ማገዶ የሚቀመጥበት ባልዲ ውስጥ ወረወረችው። ቆይታ ደግሞ አወጣችውና በፎጣ ጠረገችው፤ ሌላ ምንም የላትማ።

በማዮ አውራጃ በኩል ኮልማን ደርካን የሚባል ዋሽንት ሠሪ እንዳለ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ የባሌ ዘመድ ጎረቤት ነው። ጥቅምት ውስጥ፣ ዶፍ ዝናብ በሚወርድበት ቀን፣ በእኔ መኪና ሄድን። መንገዱን ሙሉ እንባ የሚያቆረውን ዓይኗን በመሐረብ እየጠረገች መስኮቱን ታያለች። ማላኪን አብሮን እንዲመጣ ለምናው ነበር፤ አልመጣም።

ኮልማን ከቤቱ ጓሮ ባለች መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። ቀድሞ የወተት ማለቢያ ማሽን ጠጋኝ ነበር። ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። በፖስታ የመጣውን ዋሽንት ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አየት አደረገውና፣ «እሜቴ፣ ይሄን የሸጠልዎት ሰው ቱቦ በስቶ ነው የሰጠዎት» አላት። ከዚያ ከመደርደሪያው ብዙ አውርዶ አግዳሚው ላይ ደረደረላት።

አመራረጡን ያሳያት እሱ ነው። መጀመሪያ ብብትሽ ሥር አሙቂው አላት፤ አንቱታውን ቶሎ ትቶት ነበር። ዋሽንት ሲቀዘቅዝ ይወዛል፣ ይዘጋል። ከዚያ የጭፈራ ዜማ አትሞክሪበት፤ በፍጥነት ሲጫወቱ ጉድለቱ ይደበቃል። የታችኛውን ድምፅ ብቻ ንፊና ያዢው፤ በትንሽ ትንፋሽ ቆሞ ከቀረ ደህና ነው። ቀጥሎ ወደ ላይ ውጪ፤ ሳይጮህ ከወጣ ደህና ነው። ደግሞ ነፊው ራሱ ድምፁን በትክክል አይሰማም፤ ፊት ለፊት የቆመው ነው የሚሰማው። ስለዚህ ወደ ግድግዳው ጥግ ዞራ እንድትነፋ አደረጋት፤ ድምፁ ተመልሶ እንዲመጣላት። እኔን ደግሞ በሩ አጠገብ አቆመኝ።

«እኔ ምንም አላውቅበትም» አልኩት።

«ጆሮ አለሽ አይደል? የወደድሽውን ተናገሪ፤ በቃ።»

በዲ የተቃኙትን አንድ በአንድ ሞከረች። አንዱ ድምፁ ያምር ነበር፤ ቀዳዳው ግን ለግዙፍ ሰዎች እጅ የተሠራ ይመስል የተራራቀ ነው። ትንሿ ጣቷ ተጠማዝዛ፣ አንጓዋ ነጥቶ፣ ሁለት መስመር ሳትጫወት የታችኛው ድምፅ ተሰበረ። ሌላው ቀዳዳው ጠበብ ብሎ ለእጇ ይቀርባል፤ ድምፁ ግን ደረቅ ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ፣ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ስትመለስ ላብ ፊቷን አጠበው። ፊቷ ወደ ግድግዳው ስለሆነ አይታየኝም፤ ትከሻዋን ግን አያለሁ።

«የሚያምረው አይያዝልኝም፤ የሚያዝልኝ አያምርም» አለች። «ይቅርብኝ። እንሂድ ዲምፕና።»

ኮልማን ከጀርባው አንድ አጠር ያለ፣ ከነሐስ የተሠራ ዋሽንት አንሥቶ ሰጣት። ስትይዘው ጣቶቿ ሳታስብ ቦታቸውን አገኙ። አንድ ድምፅ ነፋች። ቆማ አዳመጠችው። ከዚያ ያንን ከሎንግፎርዱ ሰው በኋላ ማላኪ የተጫወተላትን እንጉርጉሮ ጀመረች። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ትንሽ ሻካራነት ያለበት ድምፅ ነው። እኔ ሙዚቃ አላውቅም፤ ከየካቲት ወዲህ ግን አትራክታን የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። ወደ ውጭ ወደ ዝናቡ ዞርኩ።

ጨርሳ ወዲያው አልዞረችም። «ይሄ በምን የተቃኘ ነው?» አለችው።

«በኤፍ።»

ዋሽንቱን አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው፤ ትኩስ ነገር እንደሚያስቀምጥ ሰው።

ያልገባኝን ኮልማን አስረዳኝ። የዚህ አገር ዜማ ሁሉ በዲና በጂ ነው የሚጫወተው። ቫዮሊን ተጫዋቹ ጣቶቹን የት የት እንደሚያሳርፍ ከልጅነቱ የለመደው በዚያ ነው። አትራክታ በዚህ ዋሽንት ስትጫወት ለእሷ ጣቶቿ ያው ናቸው፤ የሚወጣው ግን ሁሉም ከፍ ብሎ በሌላ ቦታ ነው። ቫዮሊኑን ወደዚያ ቢያጠብቁት ክሩ ይበጠሳል። ማላኪ አብሯት መጫወት ከፈለገ በሕይወቱ የሚያውቀውን ዜማ ሁሉ እንደ አዲስ፣ በማይመች የጣት አቀማመጥ መማር አለበት።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አለ ኮልማን።

«ሰባ ሊሞላው ነው» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ዲውን ያዢ። እጅ ይለምዳል።»

ሁለቱንም ይዘሽ ሂጂ፣ አንዱን ትመልሻለሽ ብሎ ቆንጆ ድምፅ ያለውን ትልቁን ዲና የነሐሱን ኤፍ በጨርቅ ጠቀለለላት። ኤፉን አልፈልግም አለችው። እሱ ግን መኪናው ውስጥ አስገባው።

እስከ ገና ድረስ ከትልቁ ጋር ታገለች። ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታ ከእራት በኋላ። አንጓዋ አብጦ ወጥ ቤት ውስጥ ድስት ከእጇ ወደቀ፤ የሥራ አለቃዋ ወደ ቤት ላከቻት። እኔ ዘይት አሸሁላት፣ ተይው አልኳት። «ተይው» ስላት የምታየኝ ዓይን ያስፈራ ነበር።

ከገና ቀናት በአንዱ ምሽት ማላኪ ወንበር ጎትቶ ቆመበትና የቫዮሊኑን ሣጥን አወረደ። ክሮቹን ቃኘ። ቀላሏን፣ ልጆች ሆነው የተማሯትን የጭፈራ ዜማ ጀመሩ። ማላኪ አዘገመላት። እሷ ግን ወደ ታችኛው ድምፅ በደረሰች ቁጥር ጣቷ አይደርስም፤ ድምፁ ይሰበራል፤ እሱ ይጠብቃታል፤ እንደገና ይሰበራል። አራት ጊዜ ዞሩት። ከዚያ ቀስቱን ከክሩ ላይ አነሣ።

«በቃ» አለ። ተቆጥቶም አልነበረም። ቫዮሊኑን በጨርቅ ጠርጎ፣ ሣጥኑ ውስጥ አስተኝቶ፣ ሁለቱንም መቆለፊያ ቆለፈ። ድሮ አንዱን ብቻ ነበር የሚቆልፈው።

በማግስቱ ማላኪ ካልጋው አልተነሣም። በበነጋውም አልተነሣም። ሐኪም መጥቶ ሰውነቱ ደህና ነው አለና ወደ ሌላ ሐኪም የሚልከው ወረቀት ጻፈለት፤ ማላኪ ወረቀቱን ሳያነበው ጠረጴዛው ላይ ተወው። አትራክታ ቤቴ አልመጣችም። ሄጄ ሳንኳኳ ወጥታ፣ በሩን ይዛ፣ «ተስፋ የለኝም» አለችኝ። ስለ ዝናቡ እንደምታወራ አድርጋ ነው ያለችው፤ ያ ነው ያስደነገጠኝ። እንደ በፊቱ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ያደረገችው ለማላኪ ብላ አልነበረም። ራሷ ናት የነገረችኝ። ያን የነሐስ ዋሽንት ከጨርቁ ፈታችና ባዶው በረት ውስጥ ገባች። እሱ እንዳይሰማት ነው የፈለገችው፤ ለእሱ የማይሆን ዋሽንት ይዛ ብቻዋን መደሰት ክህደት መስሏታል። ከላሞቹ የቀረ ገለባ ላይ ቁጭ ብላ፣ ብብቷ ሥር አሙቃ፣ ነፋች። የበረቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ድምፁን ተቀብሎ መለሰላት። ብርዱን እስክትረሳ ተጫወተች። ቀና ስትል ማላኪ በሩ ላይ በሌሊት ልብሱ፣ በቦት ጫማ ቆሟል።

«የትኛው ነው ይሄ?» አላት።

«ላንተ አይሆንም።»

«ለእኔ ይሁን አይሁን ማን ጠየቀሽ? የትኛው ነው?»

«በኤፍ ነው ማላኪ። መልሼ ልሰጠው ነው።»

ጣቶቹ የሌሊት ልብሱ ላይ ሲንቀሳቀሱ አየች፤ የቫዮሊን ክር ላይ እንዳሉ ቦታ እየፈለጉ ነበር።

«ድገሚው» አላት።

ደገመችው። ሲያልቅ፣ «ትልቁን መልሺለት» አለና ወደ ቤት ገባ።

በዚያ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብላችሁ እንዳታስቡ። ማላኪ አልቻለም። በወጣትነቱ ዝነኛ የነበረ ሰው ቫዮሊኑን እንደ ጀማሪ ሲጥ ሲጥ ሲያደርግ መስማት ቀላል አልነበረም። ጣቶቹ ጥቂት ይሄዱና ሳያስበው ወደ ድሮ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ድምፆች ይጋጫሉ። አንድ ቀን ቀስቱን ግድግዳው ላይ ወርውሮ ሰበረው። አንድ ሳምንት ሙሉ አልነካውም። ሌላ ቀስት ተውሶ ደግሞ ጀመረ። በጂ የነበሩት ዜማዎች በተለይ ፈጽሞ እምቢ አሉት፤ እነሱን ተዋቸው። ያሳደጋቸውን አባታቸውን የሚያስታውሱባቸው ዜማዎች እዚያ ውስጥ ነበሩ።

አንድ ነገር ግን ተለወጠ። ድሮ የሚጫወቱት ሳይቋረጥ ስለነበር አፍ መክፈት አያስፈልጋቸውም ነበር። አሁን በየመስመሩ ይሰናከላሉ፤ ሲሰናከሉ ደግሞ መነጋገር ግድ ነው። በመስኮቱ ሥር ሳልፍ እሰማቸዋለሁ። እዚያ ጋ ወርደሃል፤ አልወረድኩም፣ አንቺ ፈጥነሽ ነው፤ አልፈጠንኩም፣ የአባባን አካሄድ ነው የሄድኩት፤ አባባ እንዲህ አይሄድም ነበር፣ ተሳስተሻል። ስለ አባታቸው በዚህ ሰበብ ያወሩት ከዚያ በፊት በሕይወታቸው ካወሩት ይበልጣል። ድንቹንም ይበላ ጀመር፤ ግማሹን።

በሚቀጥለው የጸደይ ወራት ሐሙስ ቀን መጠጥ ቤቱ መጡ። ዓይኗ ስለተሻላት መኪናውን የነዳችው እሷ ናት። ከምድጃው አጠገብ ያለው ወንበር ተለቀቀላቸው። ሙዚቀኞቹ ሲጫወቱ ሁለቱ መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ተቀመጡ፤ የሁሉም በዲ ነዋ፣ ምን ይግቡበት። ማላኪ ብቻውን መግባት ይችል ነበር፤ ሲጠይቁት ግን እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሰዉ ማየት እያፈረ መጣ። በመጨረሻ አንዱ፣ እናንተው አሰሙን አላቸው።

ጀመሩ። ዋሽንቱ ቤቱን ሞላው። ሁለተኛው ዙር ላይ ማላኪ ዜማው ጠፋበት። ዜማ ጠፍቶበት የማያውቅ ሰው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጠፋበት። ቀስቱን ይዞ ቆመ፤ አንዳንዱ ወለሉን ያይ ጀመር። አትራክታ ዋሽንቱን ካፏ አወጣች።

«ሁለተኛው ጣትህ» አለችው፣ ሁሉም እየሰማ። «ወደ ኋላ ሳበው።»

«አውቃለሁ። አውቃለሁ እኮ።»

«ካወቅህ ሳበዋ።»

አንድ ሰው ሳቀ። ማላኪም ጥርሱ ትንሽ ታየ። ከመጀመሪያው ጀመሩት፤ ደግሞ እዚያው ጋ ሳተ፤ ደግሞ ጀመሩት። በሦስተኛው እስከ መጨረሻው ደረሱ፤ ጥሩ አልነበረም። ሰዉ አጨበጨበላቸውና ሌሎቹ የራሳቸውን ቀጠሉ። እነሱ ሻያቸውን ጨርሰው ኮታቸውን ለበሱ። ከእኔ አጠገብ ሲያልፉ ያ የተሳሳተው ማን ነው በሚለው ገና እየተከራከሩ ነበር።